እሳት ያልገባው ቤት

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አህመዲን፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በደጅዎና በደጅዎ በሚያልፈው ሁሉ ላይ ይሁን። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ልጅዎ ኢስሃቅ በስልክ በላከልኝ ድምፅዎ ውስጥ ሲስሉ ሰምቼ፣ ንግግርዎን ትቼ ሳልዎን ነበር የማዳምጠው። ኢኽላስም ከጓዳ ሆና "ሱልጣናዬ፣ ማር በትኩስ ውሃ ጠጣ ብለው እንቢ አለኝ፤ አንቺ ንገሪልኝ" ስትል ሰምቻለሁ። ይጠጡ እንጂ ጋሼ፤ ሚስትዎ የለፋችበትን ማር ለማን ሊያቆዩት ነው? በልጉስ ጣለ? ማሽላው በቀለ? ጥቁሯ ላም በደህና ተገላገለች? የመስጊዱ ጉድጓድ ውሃ ያዘ? ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይመልሱልኝ፤ "ሁሉ ሰላም ነው" ብለው እንዳያልፉኝ።

እኔ አልሐምዱሊላህ፣ እስትንፋሴ አለች። ስኳሬም ግፊቴም በመድኃኒት ተይዘዋል። ጽሕፈቴን አይተው እንዳይደነግጡ፤ ባሌ ሙባሽር ነፍሱን ይማረውና እሱ ሲጽፍልኝ የለመዱት ያማረ እጅ አይደለም። ይህ የእኔ የራሴ ነው። ፊደል የለየሁት እዚህ ለንደን፣ ሃርልስደን ካለው የአበሻ ሱቅ በማመጣው የበርበሬና የሽሮ እሽግ ላይ ነው። ባሌ ከሞተ በኋላ የሚያነብልኝ ሰው ስላልነበረ፣ ምን እንደምበላ ለማወቅ ጀመርኩት፤ ከዚያ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ማንበብ ለመድኩ። በስልክ ልመልስልዎ እችል ነበር። የጠየቁኝ ጉዳይ ግን በሽማግሌዎቹ ፊት የሚነበብ ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ ጻፍኩት። እሁድ ወደ አገር የሚበር መርዕድ የሚባል የደሴ ሰው ያደርስልዎታል።

የምኖርበትን ደጋግመው ስለጠየቁኝ ልንገርዎ። የሃርልስደኑን ቤት አከራዩ ልሸጠው ነው ብሎ ካስወጣኝ ወዲህ፣ መንግሥት በጊዜያዊነት ያስቀመጠኝ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ያለ ሕንፃ ላይ ነው። ጊዜያዊ ይበሉት እንጂ እዚህ ብዙ ብርድ አሳልፌበታለሁ። አንድ ክፍል ናት፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ምድጃውን ማጥፋት እችላለሁ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ሻግቷል። በሆምጣጤ አጥበዋለሁ፣ በበረኪና አጥበዋለሁ፤ ሳምንት ሳይቆይ ተመልሶ ይጠቁራል። የቤቶች ሰው መጥቶ አየና መስኮት ከፍተሽ አየር አስገቢ አለኝ። መስኮቱ ግን ሰው እንዳይወድቅ ተብሎ ከአንድ ስንዝር በላይ እንዳይከፈት ብረት ተደርጎበታል። እጄን በስንዝሩ አውጥቼ ባሳየው፣ እሱማ ለደህንነትሽ ነው ብሎኝ ሄደ። ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት ስለማይፈቀድ፣ አገር ቤት ያለውን የዚያን የእኛን ቤት ቁልፍ በዚሁ መስኮት እጀታ ላይ ነው ያሰርኩት። ባቡር ባለፈ ቁጥር መስታወቱን ይመታል። ኳ፣ ኳ ይላል፤ ሰው በር የሚያንኳኳ ይመስላል።

ፊት ለፊቴ እህተማርያም የምትባል የጎንደር ሴት አለች። ማታ ቢሮ ስታጸዳ አድራ ቀን ነው የምትተኛው። እኔ ሽንኩርት ሳቁላላ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል ይጮህና ይቀሰቅሳታል። በሯን ገርበብ አድርጋ "ሱልጣና፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሥጋ ነው የምታቃጥዪው?" ትለኛለች። እኔም "የአንቺን፣ ተኚ" እላታለሁ። በቀን የምናገረው ይህንኑ ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቋሚ ቤት ለማግኘት እዚህ በየሳምንቱ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ቤቶች ይወጣሉ፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ቢድ ያደርጋል፣ ይህኛው ይሰጠኝ ብሎ ይወዳደራል ማለት ነው። እህተማርያም ሎተሪ ትለዋለች፤ ልዩነቱ ሎተሪ አንዳንዴ ለሰው መውጣቱ ነው ትላለች። አንድ ጊዜ ኬኒንግተን ያለ ቤት ሊደርሰኝ ሆኖ ሄጄ አይቼው ነበር። መስኮቱ እስከ ዳር ይከፈታል። ከፍቼ ዘጋሁት፣ ደግሜ ከፈትኩት፤ የምታሳየኝ ሴትዮ ሰዓቷን እስክታይ ድረስ። ልጆች ያሏት ሌላ ሴት ቀደመችኝ። ይገባታል፤ ቅር አላለኝም። ግን ያን መስኮት ረስቼው አላውቅም።

ለምን ወደ አገርሽ አትመጪም ይሉኛል። ከዚህ ወጥቼ ከቆየሁ ክፍሏ ለሌላ ትሰጣለች፣ ወረፋውም ይሰረዛል። ይህ እውነት ነው። እውነቱ ግን ይህ ብቻ እንዳልሆነ እርስዎም ያውቃሉ። መድኃኒቴን ሰበብ አድርጌ ኖርኩ፤ መድኃኒቱ ደሴም ይሸጣል።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ወር የቤት ጥያቄዬን እንደገና እንድታይ አንዲት ወጣት ተመደበችልኝ። ፀሎት ትባላለች፤ የእኛው አገር ልጅ፣ ግን እዚሁ የተወለደች። አንገቷ ላይ መስቀል የላትም፣ መዝሙር የምታዜምበት የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን አላት፤ እኔን ስታይ ግን ከወንበሯ ተነስታ ነው የምትቀበለኝ። "እማማ ሱልጣና፣ ሶሪ፣ ይሄን መጠየቅ አለብኝ። የትም አገር ይሁን፣ ኤኒዌር፣ የራስዎ ቤት አለዎት?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ? "ቁልፍ አለኝ" አልኳት። ሳቀች። "ቁልፍ ካለ እኮ ቤት አለ ማለት ነው" አለች።

በእኛ አምባ ቤት በወረቀት እንደማይያዝ ላስረዳት ሞከርኩ። በአንድ በጋ አንድ ቤት ብቻ እንደሚሠራ፤ አምባው ሁሉ ወጥቶ ድንጋዩን ከገደሉ ሥር እጅ ለእጅ እየተቀባበለ እንደሚያወጣው፤ ሴቶቹ ውሃና ጭቃ፣ ወንዶቹ ግድግዳ፣ ወጣቶቹ መንዙማ እያሉ የጣራውን አፈር እንደሚረግጡ ነገርኳት። ጣራው ተረግጦ ሲያልቅ ተራው የደረሰው ሰው ምድጃው ላይ የመጀመሪያውን እሳት ያነድዳል፤ ያነደደው የቤቱ ባለቤት ነው። ራሱ መምጣት ካልቻለ ዘመዱ በስሙ ያነድድለታል። ወይም ተራዬን ለቅቄአለሁ ብሎ በሽማግሌ ፊት ቃሉን ይሰጥና፣ እሱ እንዲያነድድ የለቀቀለት ሌላ ሰው ባለቤት ይሆናል። እኛ ቤት ግን ማንም አላነደደም። "እና ቤቱ የማን ነው?" አለችኝ። የማንም አልኳት። "ማን ይኖርበታል?" ማንም። "ለምን?"

ጋሼ፣ ይህቺን "ለምን" ነው እኔ ይዣት የምዞረው። ያቺ ልጅ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። መልሱን እርስዎ ስለሚያውቁት እዚህ አላረዝመውም። ያን በጋ ተራው የሪሐብ ነበር። ግድግዳዋ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ እጅ ይገባ ነበር። ሙባሽር ኩላሊቱ ታሞ አገሬ ገብቼ ልሙት ባለ ጊዜ፣ ተራውን እንዲሰጡን ለሽማግሌዎቹ የበሬ መግዣ የላከው እሱ ቢሆንም፣ "ጋሼ አህመዲን ሄደው ሪሐብን ይለምኗት፤ እኔን እንቢ አትለኝም" ያልኩት እኔ ነኝ። አብረን ጥጥ የፈተልን፣ በሠርጌ ከአጠገቤ ያልተለየች ሴት ናት፤ እንቢ እንደማትለኝ አውቄ ነው። እርስዎም ሄዱ። "ሱሌ ትቅደም" አለች። በበጋው የእኔ ቤት ቆመ፤ በክረምቱ የእሷ ግድግዳ ተደረመሰባት። ቀኝ ክንዷ ከዚያ ወዲህ ከትከሻዋ በላይ አይነሳም፤ እንዝርትም አልያዘችም። ሙባሽር ደግሞ ከዚያ አልጋ ተነስቶ አውሮፕላን ሳይሳፈር ቀረ፤ የተቀበረው እዚሁ ለንደን ነው። ለማን እንደተሠራ ያልታወቀ ቤት ቆመ፤ ቁልፉ እኔ ጋ።

ለፀሎት ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። አንዲት የተቸገረች ሴት ልትገባበት ትፈልጋለች፣ ልሰጣት ነው አልኳት። ደነገጠች። "እማማ፣ ፕሊስ፣ አሁን ምንም አይጻፉ" አለችኝ። ቤት አለኝ ብል፣ ቤት አለሽና ወደ ቤትሽ ሂጂ ሊሉኝ ይችላሉ። ሰጠሁት ብል ደግሞ፣ ቤትሽን በገዛ እጅሽ ጥለሽ ነው የተቸገርሽው ሊሉኝ ይችላሉ። ውሳኔው እስኪመጣ ዝም ማለት ይሻላል አለች። መቼ እንደሚመጣ እሷም አታውቅም። ከዚያ ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀመጥኩ። የምሄድበት አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ ሌላውም መጥቶ ሄደ። እዚያ ቤት አልገባም፤ እዚህ ቤት አላገኝም፤ ያንን ብይዝ ይህ ይቀራል፣ ያንን ብለቅ ይህም ሊቀር ይችላል። የት ቦታ ላይ ነው ታዲያ ያለሁት እያልኩ ነበር።

እርስዎ የመከሩኝ ብልሃት በዚያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በእኔ ስም እሳቱን እርስዎ ሊያነድዱና፣ ሪሐብን ከልጅ ልጆቿ ጋር እንግዳ አድርገው ሊያስገቡ። ቤቱ የእኔ እንደሆነ ይቀራል፣ እሷም ከዝናብ ትድናለች። አምና ዳገቱ ተንሸራትቶ የጠጋገነቻትን ቤት ከወሰደባት ወዲህ በእርስዎ ጎተራ ውስጥ፣ በእህል ጆንያ መካከል እንደምትተኛ ኢኽላስ ነግራኛለች። ወደ መንገዱ ዳር ውረዱና ቆርቆሮ ቤት እንስጣችሁ የተባሉት ሰዎችም ወርደው፣ ከማሳቸው ርቀው እንደተቸገሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ምክርዎ መልካም መሰለኝ። እሺ ልልዎ ነበር። አንድ ሰሞን በልቤ እሺ ብዬ ሰነበትኩ፤ እንዲያውም የደስ ደስ ብሎኝ ነበር። ሪሐብ በእንግድነት አልገባም ማለቷን ሲነግሩኝ እንኳን፣ ግትር ናት፣ ዝናቡ ሲመጣ ትገባለች ብዬ ነበር።

ሐሳቤን የለወጠው ኢስሃቅ የቀረጸልኝ ቪዲዮ ነው። በበሩ ስንጥቅ ስልኩን አስገብቶ አሳየኝ። ምስጡ ከግድግዳው ጀምሮ እስከ አግዳሚው ግንድ አፈር ጎትቷል። ጭስ ያልገባው ቤት ምስጥ እንደሚበላው ማን ያጣዋል? እኔ ግን እንዳይቆሽሽብኝ ብዬ ነበር አስዘግቼ ቁልፉን ያስላክሁት። ስመጣ ንጹሕ እንዲሆንልኝ። ኢስሃቅ በጀርባ መስኮት በኩል እጁን ዘርግቶ ግንዱን በድንጋይ መታ፤ ባዶ ቅል የተመታ ያህል ጮኸ። ደግሞ ሊመታው ሲል፣ ከኋላው የሴት ድምፅ ተሰማ። "ቀስ በል እንጂ ኢስሃቅ! የሰው ቤት እኮ ነው፤ ታፈርሰዋለህ!" የሪሐብ ድምፅ ነው። ያን ቪዲዮ መልሼ መላልሼ ከፈትኩት። ግንዱን ለማየት አልነበረም።

እርስዎ ለእኔ ብለው እንደመከሩ አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ለእኔ ያላሉት ነገር የለም። ግን አይሆንም ጋሼ። እባክዎ በስሜ እሳት አያንድዱ። ለሽማግሌዎቹ የሚያነቡት ይህንን ነው፤

እኔ ሱልጣና፣ ድንጋዩን እጅ ለእጅ ላወጣችሁልኝ ሁሉ ምስጋና አለኝ። ተራው የሪሐብ ነበር። ወስጄባት ነበር፤ መልሻለሁ። የመጀመሪያውን እሳት እሷ ታንድደው፤ ያነደደችውም ለራሷ ነው። ከእንግዲህ በዚያ ቤት ላይ እኔም ዘመዶቼም ቃል የለንም።

እስከዚህ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ለእነሱ አያንብቡ።

ሶስተኛው ገጽ ላይ በጥቁሩ የተሰረዘውን ለማንበብ አይድከሙ። እህተማርያም ደብዳቤውን ሳነብላት "አብደሻል? ደህና፣ ስጪ። ግን ቢያንስ ስመጣ የማርፍበት አንድ ጥግ ይቆየኝ ብለሽ ጻፊ" ብላኝ ነበር። ጻፍኩት። ሲነበብ ግን መልሶ እኔን ባለቤት፣ እሷን ቤት ጠባቂ የሚያደርግ ሆነብኝ፤ ጥግ የያዘ ሰው ቤቱን ይዟል። ሰረዝኩት። እህተማርያም ሻይ አፍልታ አመጣችልኝ፤ ስትሄድ በሩን በቀስታ ዘጋችው። ለፀሎትም ነገ ሄጄ ያደረግሁትን እነግራታለሁ። ደብቄ አልኖርም። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ እፈራለሁም። ፍርሃቴ እውነት ነው፤ ለእርስዎ ደፋር ለመምሰል አልዋሽም።

አግዳሚው ግንድ ሳይለወጥ ማንም ከሥሩ እንዳይተኛ። ወይራ ይፈለግ፤ ባሕር ዛፍ ምስጡ ይወደዋል። ክረምቱ ሳይገባ ጣራው እንደገና መረገጥ አለበት። ቤት የተሠራለት ሰው በየዓመቱ የሌላውን ጣራ የመርገጥ ግዴታ ነበረበት፤ እኔ የማንንም ጣራ ረግጬ አላውቅም። ኢስሃቅ በእኔ ፈንታ ይርገጥ፤ አጠገቡ ያለው ሲያርፍም እሱ አይረፍ። ጅዳ ያሉትና ዱባይ ያሉት ልጆችም ቤቶቻቸውን ቆልፈው እንደሄዱ፣ ሲጠየቁም "የሱልጣናስ ተዘግቶ የለ?" እንደሚሉ ነግረውኝ ነበር። ከእንግዲህ እንደዚያ አይበሉ። ከእኔ ጀርባ የሚጠለሉበት ጥላ የለም ይበሏቸው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። እሳቱን ሪሐብ ስታነድድ ማንም እጁን አያግባ፤ ክንዷን አይቶ አዝኖ እንኳን ቢሆን። በግራ እጇም ቢሆን ራሷ ታንድደው። ቀርጻችሁም አትላኩልኝ። ማየቱ ይከብደኛል፤ ደግሞም ያ የእሷ ነው።

እንግዲህ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለኢኽላስ፣ ማሩን በእርስዎ ፊት ቆማ ታጠጣዎት፣ እኔ ፈቅጃለሁ ይበሏት። ለኢስሃቅና ለሚስቱ፣ ለአዲሷ ሕፃንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ በጥርስ የተቸገረችው በረደላት? ለእናታችን መቃብር ሲደርሱ በእኔም ስም ፋቲሓ ያንብቡ። ለመስጊዱ ኢማም፣ ለጎረቤቶች፣ ውሃ ለሚቀዱት ልጃገረዶች፣ ለጥቁሯ ላምም ጭምር ሰላም ይበሉልኝ።

ለሪሐብ ሰላም ይበሉልኝ ለማለት እጄ ብዙ ጊዜ ቆመ። ይቅር በይኝ አልላትም፤ እንቢ ማለት እንደማትችል ስለማውቅ ደግሜ አልለምናትም። ይህን ብቻ ይንገሯት፤ ለመጀመሪያው እሳት እርጥብ እንጨት እንዳታስገባ። ከልጅነታችን ጀምሮ ቸኩላ እርጥብ ነበር የምታነድደው፤ በጭሱም እኔ ነበርኩ የማለቅሰው።

ቁልፉን ከመስኮቱ እጀታ ፈትቼ በሻሽ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ለመርዕድ እንድሰጠው አዘጋጅቼዋለሁ። አሁን ይህን የመጨረሻውን መስመር ስጽፍ ባቡር አለፈ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ የሚያንኳኳ ግን አልነበረም።

እህትዎ ሱልጣና
ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.